ሞተሩ ሞቆም የማይከፈት ቾክ፦ የአንድ አሮጌ ፒክአፕ የጉዳይ ጥናት

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራ ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ ነው። ሞተሩ 5 ሊትር ቪ8፣ ካርቡሬተሩ ባለ ሁለት ጉሮሮ ሞተርክራፍት 2150፣ ቾኩ (በብርድ የአየሩን መንገድ አጥብቦ ቤንዚን የሚያበዛው ክፍል) አውቶማቲክ ነው። ጠዋት በብርድ መርገጫው አንዴ ተረግጦ ተለቆ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይነሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎችም ደህና ይሠራል። ችግሩ የሚጀምረው ሲሞቅ ነው፤ ሚኒሞ ላይ (መርገጫው ሳይነካ በሚሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ይንገዳገዳል፣ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። ተነድቶ ጠፍቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሊነሳ ሲል ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ይዞራል፤ መርገጫው እስከ ወለሉ ካልተረገጠ አይነሳም። የሚጠጣው ቤንዚንም ከድሮው በግልጽ ጨምሯል።

ወደ ምርመራው ከመግባቱ በፊት ብዙ ነገር ተነካክቷል። ካንዴላዎቹ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀይረዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ የወጡት በደረቅ ጥላሸት ጠቁረው ነው። የቾኩ ክዳን፣ ማለትም ሞላውንና የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን የያዘው ክብ ጥቁር ቁራጭ፣ በአዲስ ተተክቷል። ለውጥ ሲጠፋ አዲሱ ክዳን ከመሃል ምልክቱ አራት ምልክት ወደ ሊን፣ ማለትም ቤንዚን ወደሚያንስበት አቅጣጫ፣ ተዙሯል። የሚኒሞ ድብልቅ ብሎኖች ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ የሚኒሞ ፍጥነት ብሎኑ ወደ ውጭ ወጥቷል። ወደ ቾኩ የሚሄደው ሽቦ ላይ "ኤሌክትሪኩ ደካማ ነው" ተብሎ ማያያዣዎቹ ሁሉ ተፍቀው ጸድተዋል። የተደረገው ሁሉ ለአንድ ምልክት የተሰጠ ምላሽ ነበር። ቾኩን የሚከፍተው ሙቀት ነውና መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ሙቀቱ ወደ ሞላው ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ነበር። እሱን ማንም አልጠየቀም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ የሚገባው ቤንዚን በሙሉ አይተንም፤ ከፊሉ በቀዝቃዛው ማኒፎልድ ግድግዳ ላይ እንደ ጠብታ ይቀራል። ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ድብልቅ እንዳይሳሳ ቾኩ የአየሩን መንገድ ያጠባል፤ ከበታቹ የሚፈጠረው መሳብ በረታ ስለሚል ብዙ ቤንዚን ይወጣል። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ይህ ትርፍ ቤንዚን አያስፈልግም፣ ስለዚህ ቢራቢሮው፣ ማለትም የአየሩን መንገድ የሚዘጋው የቾኩ ሳህን፣ ቀስ በቀስ ተከፍቶ በመጨረሻ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ይህን የሚያደርገው ከሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተጠቀለለ ሞላ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ቢራቢሮውን ወደ መዝጋት ይገፋል፣ ሲሞቅ ይለቃል።

በዚህ ካርቡሬተር ላይ ሞላው ሙቀት የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። ዋነኛው ሞቃት አየር ነው። ጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ላይ ያለፈ አየር በቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ቾኩ ቤት ይመጣል፤ የሚስበው የሞተሩ ቫክዩም (የመሳብ ኃይል) ነው፣ በቾኩ ቤት ውስጥ ባለች ጠባብ ቀዳዳ በኩል። ሁለተኛው ክዳኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። እሱ ረዳት ነው፤ የተጨመረው ቾኩ ቶሎ ተከፍቶ የጭሱ ብክለት እንዲቀንስ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘውም ከባትሪው ሳይሆን ባትሪውን ከሚሞላው አልተርኔተር የስቴተር (የማይዞሩት የሽቦ ጥቅሎች) ጫፍ ነው። ይህ ነጥብ ለጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ ወደ ኋላ በስፋት ይመጣል።

ጥፋቱ በእርግጥ የቾኩ ነው?

ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ቤንዚን መብዛቱን ይናገራሉ እንጂ ከየት እንደበዛ አይናገሩም። ፍሎቱ (በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ) ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ የመርፌ ቫልቩ አይዘጋ ይሆናል፣ የፓወር ቫልቩ (ሞተሩ ሲጫን ቤንዚን የሚጨምረው) ሽፋን ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፣ የአየር ፊልትሮውም ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት ግን ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሙከራ አለ።

ሞተሩ 20 ደቂቃ ተነድቶ በደንብ ከሞቀ በኋላ የአየር ፊልትሮው ቤት ተነሳ። ሞተሩ እየሠራ ቢራቢሮው ታየ፤ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ግማሽ ያህል ተጋድሞ ነበር። ቫክዩም ጌጁ 14 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ ይወዛወዝ ነበር። ቢራቢሮው በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ተብሎ ቀጥ እንዲል ሲደረግ ጭሱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጠፋ፣ የሞተሩ ድምፅ ተስተካከለ፣ ጌጁ ወደ 17 ኢንች ተኩል ወጥቶ ረጋ። ፍሎቱ ወይም ፓወር ቫልቩ ቢሆን ኖሮ ቢራቢሮውን መክፈት ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም ነበር። መርገጫው ግን አንዴ ተነክቶ ሲለቀቅ ሞተሩ ጠፋ። ይህ ለጊዜው ግራ የሚያጋባ ነው፤ ምክንያቱ ከጥገናው በኋላ ይመጣል።

ይህ ሙከራ ሲደረግ ሞተሩ በሚነሳበት ቅጽበት ፊትን ከካርቡሬተሩ በላይ ማድረግ አይገባም። በካርቡሬተር በኩል ወደ ኋላ የሚተፋ እሳት ፀጉርና ዓይን ይበላል። መጀመሪያ ይነሳ፣ ይርጋ፣ ከዚያ ከጎን ይታይ።

ቢራቢሮው እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል?

ቾኩ ጥፋተኛ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ የሚከፍተው ኃይል አልደረሰም፣ ወይ ደርሶም ቢራቢሮው ተያዘ። ሁለተኛውን ማጣራት ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ ይሠራል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የነዳጅ መርገጫው ክንድ በከፊል ተይዞ ካሙ (ቾኩ ሲዘጋ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ደረጃ ያለው ቁራጭ) ነጻ እንዲሆን ተደርጎ፣ ቢራቢሮው በጣት ተንቀሳቀሰ። ያለ መጋጨትና ያለ መንቀርፈፍ ወዲያና ወዲህ ሄደ። ለጥንቃቄ አክስሉና ማያያዣዎቹ በካርቡሬተር ማጽጃ ታጥበው ደረቁ። ዘይት አይቀባም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አክስሉን እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። የአየር ፊልትሮውን ቤት የሚይዘው ባለ ክንፍ ዳዶ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የካርቡሬተሩን የላይኛ ክፍል ያጎብጠዋል፣ ቢራቢሮውም ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ፊልትሮው ሲነሳ ግን ብረቱ ይመለሳል፣ ቢራቢሮውም እንደ ጤነኛ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የፊልትሮው ክዳን ተነስቶ ቤቱ ብቻ ባለበት ዳዶው በጣት እንደ ወትሮው ተጠብቆ ቢራቢሮው እንደገና ተፈተሸ። እዚህ መኪና ላይ ደህና ነበር።

የቫክዩም ዲያፍራሙም ታየ። ይህ ክፍል ሞተሩ እንደተነሳ ቢራቢሮውን በጥቂት ሚሊሜትር ይከፍተዋል፤ ካልሠራ መኪናው ይነሳና ወዲያው በቤንዚን ታፍኖ ይጠፋል። በእጅ ፓምፕ 15 ኢንች ቫክዩም ተሰጥቶት አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳያፈስ ያዘ፣ ክንዱንም ሳበ። መኪናው ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ደህና የሚሠራው በዚህ ክፍል ጤንነት ነው። እንግዲህ የቀረው ሙቀቱ ነው።

7 ቮልት

ሞተሩ እየሠራ በመልቲሜትር ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት ተለካ። የቾኩ ሽቦ ጫፍ ላይ 7.1 ቮልት። ግማሽ! "ሽቦው ደካማ ነው" የተባለው በዚህ ምክንያት ነበር፤ የሙከራ መብራትም ሲነካው ደብዘዝ ብሎ ነው የሚበራው። ሆኖም መልቲሜትሩ በቀጥታ አልተርኔተሩ የስቴተር ጫፍ ላይ ሲደረግ የተገኘው 7.2 ቮልት ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ነው፤ ሽቦውም ማያያዣውም ጤነኛ ናቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የስቴተሩ ሦስት ጥቅሎች በአንድ ጫፍ ይገናኛሉ፣ የስቴተር ጫፍ የሚባለውም ከዚያ መገናኛ የሚወጣ ነው። እዚያ የሚገኘው አማካይ ቮልቴጅ አልተርኔተሩ ከሚያወጣው ግማሽ አካባቢ ነው። ፋብሪካው ይህን የመረጠው ሆን ብሎ ነው፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ካልተነሳ እዚያ ምንም የለም፣ ስለዚህ ማሞቂያው ሞተሩ ሳይሠራ ቾኩን ያለ ጊዜው አይከፍተውም። የፋብሪካው ክዳን ማሞቂያም ለዚሁ 7 ቮልት አካባቢ ነው የተሠራው።

በቅርቡ የተገጠመው ክዳን ግን የዚህ መኪና አልነበረም። ለብዙ ዓይነት ካርቡሬተር የሚሸጥ፣ ሁለት ጫፍ ያለው፣ ለ12 ቮልት የተሠራ ነበር። ተቃውሞው ሲለካ 8.4 ኦም ወጣ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ኃይል የቮልቴጁ ካሬ በተቃውሞው ሲካፈል ነው። በ14.2 ቮልት ማሞቂያው 24 ዋት ያገኛል፣ በ7.1 ቮልት 6 ዋት ብቻ። ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሩብ ይወርዳል። ማሞቂያው ሲግል ተቃውሞው ስለሚለወጥ ቁጥሩ ትንሽ ይዛባል፣ ዝምድናው ግን ያው ነው።

ይህ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር ክዳኑ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተፈተነ። የሞላው ጫፍ ያለበት ቦታ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ተደረገበት፣ ከዚያ 5 አምፔር ፊውዝ ባለው ሽቦ ከባትሪ 12.5 ቮልት ተሰጠው። በአራት ደቂቃ ውስጥ የሞላው ጫፍ 70 ዲግሪ ያህል ዞረ፤ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ለመክፈት በቂ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ከስቴተሩ 7 ቮልት ሲሰጠው በአሥር ደቂቃ ውስጥ 20 ዲግሪ ሳይሞላ ቆመ። ክዳኑ አልተበላሸም፤ የተገጠመው ያለ ቦታው ነው።

ተቃውሞ ሲለካ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንዳንድ የፋብሪካ ክዳኖች ውስጥ በሙቀት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ በብርድ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል፣ ሞላው በሞቃቱ አየር ትንሽ ሲሞቅ ብቻ ያገናኛል። እንዲህ ያለው ክዳን በቀዝቃዛው ሲለካ መስመሩ የተቆረጠ ይመስላል። ሞተ ተብሎ ከመጣሉ በፊት ክፍሉ ውስጥ ሞቅ ተደርጎ እንደገና ይለካ።

የተሰበረው ቱቦ

አሁን ግን ጥያቄ አለ። ዋነኛው ሙቀት ሞቃቱ አየር ከሆነ፣ ረዳቱ ማሞቂያ ሩብ ኃይል ብቻ ቢያገኝም ቾኩ ዘግይቶ መከፈት ነበረበት እንጂ ግማሽ ላይ መቆም አልነበረበትም። ክዳኑም የተቀየረው ቀድሞውኑ ቾኩ አልከፍት ስላለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥፋት ሌላ ቦታ ነው።

ክዳኑ ሲነሳ የቾኩ ቤት ውስጥ ግራጫ አቧራ ተከማችቶ ነበር። ይህ ብዙ ይናገራል። ቱቦው አየሩን የሚያገኘው በካርቡሬተሩ በኩል ከተጣራ አየር ነው፤ ቤቱ ንጹሕ መሆን አለበት። አቧራ ከገባ ቱቦው ከኮፈኑ ስር ያለውን ያልተጣራ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጥላሸት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቱቦው ማኒፎልዱ ውስጥ በስብሶ ጭስ እየሳበ ነው የሚል ንባብ ይሰጥ ነበር፤ ሁለቱ ምልክቶች መቀላቀል የለባቸውም።

ሞተሩ እየሠራ ቱቦው ከቾኩ ቤት ተፈትቶ ጣት ቀዳዳው ላይ ሲደረግ መሳቡ ይሰማ ነበር፤ የቫክዩሙ መንገድ ክፍት ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ግን የቱቦው ጫፍ በባዶ እጅ ይያዝ ነበር። በጤናው ቀን ያንን ያህል መያዝ አይቻልም። ቱቦው ላይ የተጠቀለለው ሙቀት መከላከያ ሲገፈፍ ከማኒፎልዱ ትንሽ ከፍ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ዝጎ ተሰብሮ ተገኘ። መከላከያው ሁለቱን ጫፎች ይዟቸው ስለነበር ከውጭ ሙሉ ይመስላል። አሮጌ ነጭ መከላከያ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይነሳል እንጂ በአየር ፓምፕ አይነፋም፣ አይፋቅም።

ሁለቱ ጥፋቶች አንድ ላይ ሲታዩ ነው ነገሩ ሙሉ የሚሆነው። የተሰበረው ቱቦ ሙቀት አለማምጣቱ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ከኮፈኑ ስር ያለውን ቀዝቃዛ አየር ሳያቋርጥ በሞላው ላይ ያሳልፋል። ያ 6 ዋት የምታህል ሙቀት የምትሰጥ ማሞቂያ የምታሞቀውን ይህ አየር ጠርጎ ይወስዳል። ሞላው የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው እኩል የሚሆንበት ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ቢራቢሮውም ግማሽ ላይ ይቀራል። ክዳኑን ወደ ሊን ማዞር ይህን የማቆሚያ ቦታ ትንሽ ወደ መከፈት ያስጠጋዋል፤ ስለዚህ በሞቃት ቀን መሻሻል ያለ ይመስላል። በብርድ ጠዋት ግን ሞላው በቂ መዝጊያ ኃይል ስለማይኖረው ሌላ ችግር ይተካል፣ መኪናው ተነስቶ ይጠፋል። ይህ መኪና እዚያ ሊደርስ ጥቂት ምልክት ብቻ ነበር የቀረው።

ጥገናው

መጀመሪያ ቱቦው። በውጭ ዲያሜትሩ ከአሮጌው ጋር እኩል የሆነ የብረት ቱቦ ተቆርጦ፣ በቱቦ ማጠፊያ ሳይጨፈለቅ ታጥፎ ተገጠመ። መዳብ ለማጠፍ ይቀላል፣ ነገር ግን በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ እዚህ ቦታ ላይ ብረት ይመረጣል። ላዩ ሙቀት በሚችል የፋይበርግላስ ከረጢት ተሸፈነ። መከላከያው ለማማር አይደለም፤ በሌለበት አየሩ በመንገድ ይቀዘቅዛል። የቾኩ ቤትም አቧራው ተጠርጎ በማጽጃ ታጠበ፣ የቫክዩሟ ቀዳዳ በቀጭን የናይሎን ክር ተፈተሸች። በሽቦ መጎርጎር ቀዳዳዋን ያሰፋታል፣ የሰፋች ቀዳዳ ደግሞ የቫክዩም ማፍሰሻ ትሆናለች።

ከዚያ ክዳኑ። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ለዚህ ካርቡሬተር የተሠራ፣ ከስቴተር የሚሠራ ክዳን ማግኘት ነው። ሌላው የ12 ቮልቱን ክዳን ይዞ ትክክለኛ ምግብ መስጠት ነው። የተመረጠው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ክዳኖች ልዩነት ማሞቂያው ብቻ አይደለም። የፋብሪካው ሞላ ጥንካሬ ከሞቃቱ አየር ጋር አብሮ እንዲሠራ የተመጠነ ነው፤ የጋራው ክዳን ሞላ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ብቻ። ሞቃት አየርና ሙሉ 12 ቮልት አንድ ላይ ቢያገኝ ቾኩን ከሚገባው በፊት ይከፍተዋል።

ትክክለኛው ክዳን ለማይገኝበት መኪና ሁለተኛው መንገድ እንዲህ ይሠራል። የሞቃት አየሩ ቱቦ ይነሳና የቾኩ ቤት ቀዳዳ ይደፈናል። ከባትሪው በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል ወደ ሪሌው (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) 30 ቁጥር ጫፍ ሽቦ ይሄዳል፣ ከ87 ወደ ክዳኑ አዎንታዊ ጫፍ። 86 ከቁልፉ ጋር ይገናኛል። 85 ደግሞ ሞተሩ ካልሠራ ሪሌው እንዳይዘጋ ግፊት ሲኖር ብቻ በሚያገናኝ የዘይት ግፊት ስዊች በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይሄዳል። የዳሽቦርዱ የዘይት መብራት ስዊች ለዚህ አይሆንም፤ እሱ የሚያገናኘው ግፊት ሲጠፋ ነው፣ ማለትም በተቃራኒው። የክዳኑን አሉታዊ ጫፍ ከካርቡሬተሩ ብሎን ጋር በራሱ ሽቦ ማገናኘት ይሻላል።

ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያመነጨው ቦቢና አዎንታዊ ጫፍ መውሰድ ግን ፈጽሞ አይገባም። በእንዲህ ያሉ መኪናዎች ላይ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ሽቦ ራሱ ተቃውሞ አለው፤ ቾኩ እዚያ ላይ ሲንጠለጠል ቮልቴጁን ለራሱም ለቦቢናውም ያወርደዋል። የእሳቱ ብልጭታ ይደክማል፣ ሰውየውም ከአንድ ችግር ወደ ሁለት ይሸጋገራል። የ7 ቮልቱን ክዳን ከ12 ቮልት ማገናኘትም እንዲሁ አይሆንም፤ በደቂቃ ውስጥ ይከፍታል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል።

ክዳኑ ሲገጠም የሞላው ጫፍ በቾኩ ክንድ ላይ መያያዝ አለበት። ስቶ ከኋላው ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ማረጋገጫው ሦስቱ ብሎኖች ሳይጠብቁ ክዳኑን ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው፤ ቢራቢሮው አብሮ መሄድ አለበት። የአሉታዊውን መስመር (ማሳ) በቾኩ ቤት በኩል የሚያገኝ ክዳን ከሆነ ደግሞ በመካከል ጋስኬት ከተደረገ መስመሩ ይቋረጣል፤ ከክዳኑ ጋር የመጣውን መመሪያ መከተል ያሻል። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካርቡሬተሮች ክዳኑ በሪቬት የታሸገ ነው። ሪቬቱ በመሰርሰሪያ ሲወጣ የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ጉሮሮው እንዳይወድቅ ካርቡሬተሩ አፍ በጨርቅ ይደፈናል።

ክዳኑ ኮፈኑ ስር ባለው የልቀት መለያ ወረቀት ላይ በተጻፈው ምልክት ላይ ተደረገ። አራት ምልክት ወደ ሊን የተዞረው አሮጌ አቀማመጥ ለአዲሱ ክዳን ትርጉም የለውም።

አሮጌዎቹን ማካካሻዎች መመለስ

ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ነው። ቾኩ ተስተካክሎ መኪናው ሲነሳ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ቢራቢሮው ቀጥ አለ፣ ሞተሩም ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መርገጫው ተነክቶ ሲለቀቅም ጠፋ። ይህን ያየ ሰው "አዲሱ ክዳን አልሠራም" ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ቾኩ ለወራት ግማሽ ተዘግቶ ስለነበር ሚኒሞ ላይ ቤንዚኑ ይበዛ ነበር፤ ያንን ለመቀነስ የድብልቅ ብሎኖቹ ገብተዋል። አሁን ቾኩ ሲከፈት ያ ትርፍ ቤንዚን ጠፋ፣ የገቡት ብሎኖች ደግሞ ድብልቁን ከልክ በላይ አሳሱት። በተጨማሪ ቾኩ ሙሉ ሳይከፈት ሲቀር ደረጃ ያለው ካም ከቀዝቃዛው ሚኒሞ ብሎን ስር አይወጣም፣ ሚኒሞውም ከፍ ብሎ ይቀራል። ያንን ለማውረድ የሚኒሞ ፍጥነት ብሎኑ ወጥቶ ነበር። አሁን ካሙ ሲወድቅ ሞተሩን የሚይዝ ምንም ነገር የለም። በመጀመሪያው ሙከራ ቢራቢሮው በእጅ ተከፍቶ መርገጫው ሲነካ ሞተሩ የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ መርገጫው ሲነካ ካሙ ወደቀ፣ የሚኒሞ ፍጥነት ብሎኑ ደግሞ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ ሁለቱ የድብልቅ ብሎኖች በቀስታ እስኪነኩ ድረስ ገብተው፣ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዙር ተኩል ወጡ። የብሎኑ ጫፍ ሾጣጣ ስለሆነ ጠብቆ ከተጫነ መቀመጫው ይጎዳል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ ቢራቢሮው ቀጥ ማለቱ በዓይን ተረጋግጦ፣ የሚኒሞ ፍጥነቱ ወደ መለያ ወረቀቱ ቁጥር መጣ። ከዚያ ሁለቱ የድብልቅ ብሎኖች ተራ በተራ በሩብ ዙር እየተዞሩ ቫክዩም ጌጁ ከፍተኛውንና የረጋውን የሚያሳይበት ቦታ ተፈለገ። ጌጁ 18 ኢንች ላይ ቆመ። ፍጥነቱ ትንሽ ስለጨመረ እንደገና ወደ ቁጥሩ ወረደ።

የቀዝቃዛው ሚኒሞ በመጨረሻ ነው የሚስተካከለው፤ ሞተሩ ሞቆ፣ የቀዝቃዛው ሚኒሞ ብሎን በመለያ ወረቀቱ በተጻፈው የካም ደረጃ ላይ ተቀምጦ። ካሙን ሳይረዱ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ማስተካከል ሁልጊዜ ያሳስታል፤ ሞተሩ በየሰከንዱ ይሞቃል፣ ፍጥነቱም አብሮ ይለወጣል።

መርገጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ቾኩን በከፊል በግድ የሚከፍተው ክንድም ታየ፤ ሞተር በቤንዚን ሲታፈን የማዳኛው መንገድ እሱ ነው። ጤነኛ ነበር። የመኪናው ባለቤት ለወራት በሞቃት ሞተር ላይ እየረገጠ ያስነሳ የነበረው በእሱ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በኋላ የሞተሩ ዘይትና የዘይት ፊልትሮው ተቀየሩ። ለወራት የበዛ ቤንዚን ሲሊንደሩን እያጠበ ወደ ዘይቱ ወርዷል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲሸተት ቤንዚን ይሸት ነበር፣ ልኩም ከመስመሩ በላይ ነበር። የቀጠነ ዘይት በቤሪንጎቹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከካንዴላው ጥላሸት በጣም የከፋ ስለሆነ ይህ የጥገናው አካል ነው፣ እንደ ትርፍ ሊታለፍ አይገባም።

የተለካው ውጤት

በማግስቱ ጠዋት በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞተሩ ሳይነካ ካደረ በኋላ መርገጫው አንዴ ተረግጦ ተለቀቀ፤ ቢራቢሮው ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ቁልፉ ሲዞር በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ፣ ዲያፍራሙም ቢራቢሮውን ጥቂት ሚሊሜትር ከፈተው። በሁለተኛው ደቂቃ ቢራቢሮው በግልጽ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ በአምስተኛው ደቂቃ ቀጥ አለ። ከጥገናው በፊት በዚህ ተመሳሳይ ብርድ ከ25 ደቂቃ በኋላ ሦስት አራተኛ ሳይደርስ ቆሞ ነበር። ሁለት ጠዋት ከተሞከረ በኋላ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ስለታየ ክዳኑ አንድ ምልክት ብቻ ወደ ሪች፣ ማለትም ቤንዚን ወደሚበዛበት አቅጣጫ፣ ተዞረ፣ መንቀጥቀጡም ጠፋ። ክዳኑ የተነካው በዚህ ደረጃ ነው፤ ሙቀቱ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በአንድ ምልክት ልክ፣ በየጊዜው ሙሉ ቀዝቃዛ ጠዋት ተጠብቆ።

ሌላ መኪና ላይ ይህንኑ የሚመረምር ሰው በስቴተሩ ጫፍ 7 ቮልት ካላገኘ፣ ለምሳሌ ዜሮ ወይም በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ካየ፣ ጥፋቱ ከቾኩ ወጥቶ ወደ አልተርኔተሩ ዳዮዶች ወይም ወደ ስቴተሩ ይሻገራል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የኃይል መሙያው ይፈተሽ። ቮልቴጁ ትክክል ሆኖ፣ ቱቦው ግሎ፣ ቢራቢሮው ቀጥ ብሎም ጥቁሩ ጭስ ካልጠፋ ደግሞ ወደ ፍሎቱና ፓወር ቫልቩ መሄድ ነው።

እዚህ መኪና ላይ ከ400 ኪሎ ሜትር በኋላ ካንዴላዎቹ ወጥተው ታዩ፤ ስምንቱም ጫፋቸው ደረቅና ቀላል ቡናማ ነበር።